ከቁም ሳጥኑ ውስጥ «ኖር!»

ባለፈው ማክሰኞ ለጉልበቴ ቀጠሮ ነበረኝና ክሊኒክ ሄድኩ። ባለቤቴ አስቴርም አብራኝ ነበረች። ብቻዬን ከሄድኩ ሐኪሙን «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬው እንደምመለስ ስለምታውቅ፣ አሁን አሁን ቀጠሮ ባለኝ ቁጥር እንደ ፖሊስ አጅባኝ ነው የምትሄደው። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው አለ፤ ሁሉም አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቷል። በሩ ተከፈተና አንዲት ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ ፈረንጅ ባልቴት በብረት መደገፊያ እየታገዙ ገቡ። እኔ እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ያደግሁበት ነው፤ ጉልበቴ እየጮኸ ብድግ አልኩና «ኖር!» አልኩ። ያውም ጮክ ብዬ።

«በስመ አብ! ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? የት ያለህ መሰለህ?» አለች አስቴር፣ ኮቴን ወደ ታች እየጎተተች። ስልኩን ሲያይ የነበረው ሁሉ ቀና ብሎ እኔን ማየት ጀመረ። ባልቴቷ ግን ቆም አሉ። ቆም ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝና ቀስ ብለው «በእግዚአብሔር» አሉ።

እውነቴን ነው። መሀሉ ላይ ትንሽ ተደናቀፉ እንጂ ቃሉ ያው ራሱ ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ «ኖር» ብትሉት «ዋት?» ነው የሚላችሁ፤ እኚህ ፈረንጅ ከየት አመጡት? ትኩር ብዬ አየኋቸው። ፊት ይለወጣል፣ አገጭ ግን አይለወጥም። «ሚስ ዶሪን!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸውም ጣታቸውን ወደ ደረቴ ቀስረው፣ «አፓርትመንት ሰባት። ሁለት ሰዎች» አሉና ሳቃቸውን ለቀቁት። እኔም ሳቅኩ። አስቴር ብቻ ግራ ገብቷት አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች። «ሁለት ሰዎች» የተባለው ነገር ረጅም ታሪክ አለው፤ ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን ሚስ ዶሪን ገና አርባ ያልሞላት ሴት ስለነበረች፣ ስለዚያን ጊዜዋ ሳወራ «እሷ» ብል ቅር አይበላችሁ።

ነገሩ በፈረንጅ ሰማንያዎቹ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እኔና አስቴር በዓመት ጉዳይ ተስማምተን አናውቅም። ያኔ ሲያትል የዛሬዋ ሲያትል አልነበረችም። ከጃክሰን መንገድ ሽቅብ ስትወጡ ጥግ ላይ አንድ ጫማ ሰፊ ነበር፤ ከሱ ቀጥሎ ዶሮ ጠባሽ፣ ሽታው ሹራብህ ውስጥ ገብቶ አውቶቡስ አብሮህ የሚሳፈር፤ ከዚያ ቀጥሎ ባለ ሦስት ፎቁ ቀይ ጡብ ቤታችን። ዛሬ ጫማ ሰፊው የነበረበት ቦታ የውሻ ፀጉር ይስተካከላል፤ ያውም በቀጠሮ። በአንድ ዶላር ከሩብ ክንፍና ድንች እንበላ ነበር ስል ልጆቼ አያምኑኝም። ሕንፃው ሃያ አፓርትመንት ነበረው፤ አራቱን ቀደምት የሰፈሩ ሰዎች ይዘውታል፣ የቀረው በሙሉ የኛው ነው። የኮሪደሩ ምንጣፍ ከመስከረም ጀምሮ የጠጣውን ዝናብ እስከ ግንቦት አይተፋውም። ማሞቂያው ቧንቧ ደግሞ አንድ ሰው ከውስጡ ሆኖ በመዶሻ የሚደበድበው ይመስል ቀኑን ሙሉ ይንኳኳል። ያንን ቤት እንዴት እንደምወደው!

አፓርትመንት ሰባት በኔና በግርማ ስም ነበር። ግርማ ማለት ወፍራም፣ ሳቂታ፣ አፍሮው ከመኪና ጣሪያ ጋር የሚጣላ፣ በዚያ ላይ ፈሪ ነው። ውሉ የሚለው «ሁለት ተከራይ» ነው። የምናድረው ግን ሰባት ነን። ምን እናድርግ? አንዱ ሲመጣ ለሁለት ሳምንት ብሎ ነው የሚመጣው፤ ሁለት ሳምንት ያለ ሁሉ ዓመቱን ይደፍናል። እኔ መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ነበር የምሠራው፤ የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ እውላለሁ። ግርማና ሌሎቹ ሶዶ በሚሉት የሲያትል መጋዘን ሰፈር ካርቶን ይሸከማሉ። ሺፍታችን ስለሚለያይ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይተኛል፣ አልጋው ቀዝቅዞ አያውቅም። ልብሳችን ከአሮጌ ልብስ መደብር ነው፤ ያኔ ትከሻው ስፖንጅ የተሞላ ኮት ፋሽን ነበርና ሁላችንም ከትከሻ በላይ ሀብታም እንመስል ነበር። አንድ ቴፕ ነበረን፣ ካሴቱን ስለሚበላ በእርሳስ እየጠቀለልን እናዳምጥ ነበር።

ከኛ በላይ፣ አሥራ አራት ቁጥር፣ ጋሽ ጥላዬ ይኖራሉ። ጋሽ ጥላዬ አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ እዚህ ሆስፒታል ወለል ይወለውላሉ፣ ግን ክራቫታቸውን አስረው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ነው የሚወለውሉት። አለቃቸው አንድ ቀን «ለምን ክራቫት?» ቢላቸው «ወለሉ አልጠየቀኝም፣ አንተ ለምን ትጠይቀኛለህ?» አሉት ይባላል። ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ያኔ እንደ አብርሃም የጃጁ ሽማግሌ ይመስሉን ነበር፣ ዛሬ ቢሆን ኖሮ ታናሼ ናቸው። እሳቸው የገቡበት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚቀር የለም፤ ሁላችንም ብድግ ብለን «ኖር!» እንላለን፣ እሳቸው ባርኔጣቸውን አንሥተው «በእግዚአብሔር፣ በእግዚአብሔር! በሞቴ ተቀመጡ» ይላሉ፣ እሳቸው ሳይቀመጡ ግን ማንም አይቀመጥም። አገር ቤት በደመወዛቸው ያሠሩት ቤት ነበራቸው። አንድ ቀን ቀበሌ ስማቸውን ዝርዝር ውስጥ አስገባና ዝርዝሩ ቤቱን ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስም ዝርዝር የሚባል ነገር ሲያዩ ላብ ያጠምቃቸዋል። የሎተሪ አሸናፊዎች ዝርዝር እንኳ አያነቡም።

አሁን ደግሞ የኔን ጣጣ ልንገራችሁ፤ ይህን ካላወቃችሁ የቀረው አይገባችሁም። አስቴር ያን ጊዜ ካርቱም ናት። ተጋብተን ሦስት ወር ሳንቆይ እኔን ቀድመው አሳፈሩኝ። ወረቀቷን እዚህ አስገብቼ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ። ወረቀቱ ላይ የኔ አድራሻ ተጽፏል፦ ቀዩ ሕንፃ፣ አፓርትመንት ሰባት። የስደተኛ ጉዳይ የሚሠራው ሰውዬ ደግሞ ፊቴን እያየ «አድራሻ እንዳትቀይር። ከቀየርክ ወረቀቱ ተመልሶ ከሰልፉ መጨረሻ ይጀምራል» ብሎኛል። እኔ ያን በር ቁጥር ከስሜ እኩል ነበር የምጠብቀው። አንዴ የ7 ቁጥሯ ብረት ወድቃ ስትገኝ መዶሻ ተውሼ ያንኑ ደቂቃ ነው መልሼ የመታኋት።

እንግዲህ በዚህ መሀል የስቴቱ ዋና ከተማ ኦሎምፒያ ያሉ ሕግ አውጪዎች አንድ ሕግ አወጡ። ከተሞች ከፈለጉ ልዩ የመኖሪያ ቤት ክልል ማቋቋም ይችላሉ የሚል። ደብዳቤው ለየቤታችን ደረሰ። የአንቀጽ ቁጥር ያለበት እንግሊዝኛ ሁሉ ወደ ጋሽ ጥላዬ ነውና የሚሄደው፣ ደረጃው ላይ ተሰብስበን እሳቸው ከላይ ሆነው ተረጎሙልን። «ካርታ ላይ መስመር ይሰመራል» አሉ። «በመስመሩ ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ ይቆጠራል። ነዋሪው በነፍስ ወከፍ ይመዘገባል። ነዋሪዎች ኮሚቴ ይመርጣሉ።» መነጽራቸውን አወለቁ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ልጆች፣ ይሄ ቀበሌ ነው» አሉ።

«እዚህ ድረስ?» አለች አንዷ። «እንግዲህ ስኳር በካርድ ልንሆን ነው» አለ ግርማ። «የሮንድ ተራም ያወጡብናል፤ በዚህ ዝናብ!» አለ ሌላው። አሁን ስታስቡት ያስቃል። ሁለተኛው ገጽ ላይ እኮ ተጽፏል፤ በክልሉ ውስጥ የገባ ቤት አይፈርስም፣ አከራዩ ቤቱን ቢያድስ ግብር ይቀነስለታል፣ የድሃ ቤት ነውና ማንም ነቅሎ ሌላ ነገር ሊያደርገው አይችልም ይላል። ያወጡት ለኛው ነው! ግን ይሄ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር፤ እኛ አንደኛው ገጽ ላይ ነው የደነገጥነው። ቆጣሪ ሲመጣ ሰው ሁሉ እንዲደበቅ ተስማምተን ተበተንን።

ቆጣሪዋ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣች። ቢጫ የዝናብ ካፖርት፣ በእጇ የወረቀት ሰሌዳ፣ አገጯ ደግሞ ያው አገጭ። ኮሪደሩ ላይ «መጣች!» የሚል ሹክሹክታ ሲሰማ ቤታችን ውስጥ የተደረገውን ሩጫ ኦሎምፒክ ላይ አላየሁትም። ሁለቱ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገብተው መጋረጃውን ሳቡ። አንዱ አልጋ ስር። ሁለቱ በመስኮት ወጥተው የእሳት አደጋ መሰላሉ ላይ፣ ዝናብ ውስጥ። ግርማ ቁም ሳጥን ውስጥ። ግርማ እኮ ስሙ ውሉ ላይ አለ፣ መደበቅ አያስፈልገውም ነበር! ሰው ሲሮጥ አይቶ ነው የሮጠው። እኔ በሩን ከፍቼ በጣም ነፃ የሆነ ሰው የሚፈግገውን ፈገግታ ፈገግ አልኩ።

«ስንት ሰው ነው እዚህ የሚኖረው?» አለችኝ።

«ሁለት።»

ማሞቂያው ስር ሊደርቁ የተደረደሩትን ሰባት ጥንድ ጫማዎች አየች። «ጫማዎቹስ?»

«ጓደኛዬ ጫማ ይወዳል።»

«በሁሉም ቁጥር?»

ልክ በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተና ጋሽ ጥላዬ ገቡ። ለካ እሳቸው እኔን ብቻዬን እንዳትመረምረኝ ብለው ሊያግዙኝ መውረዳቸው ነው። እኔ ቀጥ ብዬ ቆምኩና «ኖር!» አልኩ። ከዚያ የሆነውን እስከምሞት አልረሳውም። ከቁም ሳጥኑ ውስጥ «ኖር!» የሚል ወፍራም ድምፅ መጣ፣ አብሮትም የማንጠልጠያ ብረቶች ተንኮሻኮሹ። ከመታጠቢያ ቤቱ «ኖር!» አስተጋባ። ከአልጋው ስር «ኖ... ውይ!» ተባለ፣ ጭንቅላት ከብረት ሲጋጭም ተሰማ። መስኮቱ ላይ ሁለት የበሰበሱ ሰዎች ከተቀመጡበት ተነሡና በመስታወቱ በኩል ጎንበስ አሉ። ጋሽ ጥላዬም ቢሆኑ አመል ነው፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው ለቁም ሳጥኑ «በእግዚአብሔር!» አሉ፣ ለመታጠቢያ ቤቱ «በእግዚአብሔር!» አሉ፣ ለመስኮቱም እጅ ነሡና «በሞቴ ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ። ከዚያ ያደረጉት ገባቸውና ባርኔጣቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

«ምንድን ነው?» አለች ሚስ ዶሪን።

«ቧንቧው ነው» አልኩ። «አሮጌ ቤት ነው፤ ይጮኻል።»

ሰሌዳዋን ዝቅ አደረገች። ከዚያ ወደ ጋሽ ጥላዬ ዞራ «ያ ቃል ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ዳይሬክተር ተጠይቆ ዝም ይላል? ፍርሃታቸው ብን ብሎ ጠፋ፤ ታላቅ ሲገባ ሰው እንደሚነሣ፣ የተነሣለትም ምን ብሎ እንደሚመልስ በእንግሊዝኛ ዘርዝረው አስረዷት። «በእግዚአብሔር» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስባሏት፣ አራተኛ ሊያስብሉም ነበር። ተማሪዋም ጎበዝ ነች። «ሶ፣» አለች ስትወጣ፣ «ቧንቧዎቹ በጣም ያከብሩዎታል ማለት ነው።» «ሁለት» ብላ ጽፋ ሄደች።

ጀግንነታችንን ለአንድ ወር ስናወራ ከረምን። የሌሎቹም ቤት እንደዚሁ ነው፤ እንዲያውም አንዱ በሩን ከፍቶ «እኔ እንግዳ ነኝ፣ ባለቤቶቹን እየጠበቅኩ ነው» ብሎ አፓርትመንቱን ባዶ አስብሎታል። ከዚያ ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። ይሄን ጊዜ እስከ መጨረሻው ገጽ አነበብነው። በሕጉ መሠረት ክልሉ ሊቋቋም ነው፤ ከተማው ባወጣው ደንብ ግን ሃምሳ ነዋሪ የሌለበት ሕንፃ ከመስመሩ ውጭ ይሆናል። የኛ ሕንፃ በቆጠራው አሥራ ዘጠኝ ነዋሪ ስላለው ወጥቷል። ተቃውሞ ያለው በምክር ቤቱ ስብሰባ ቀርቦ ይናገር። ከወጣ ምን ይሆናል ብለን አከራዩን ጠየቅነው። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ እውነቱን ነገረን፤ ገዢ አግኝቷል፣ ቤቱ ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ይሆናል። አያችሁልኝ? ቀኑን ሙሉ መኪና ሳቆም ውዬ የምገባበት ቤት መኪና ሊቆምበት! እኔ ግን ያን ቀን ሳቄ አልመጣም። ከደብዳቤው ላይ የታየኝ የአስቴር ወረቀት ነው፤ አፓርትመንት ሰባት የሚባል በር ከሌለ እሷ የት ትመጣለች?

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ማሽኖቹ እየተሽከረከሩ፣ ሰው ሁሉ እየተጯጯኸ። «ሄደን አለን እንበል!» አልኩ። «አለን ስንል ታዲያ ትናንት የት ነበራችሁ ሲሉንስ?» አለ ግርማ። ጋሽ ጥላዬ ማድረቂያው ላይ እንደተደገፉ ተናገሩ። «ልጆች፣ ሂዱ። መብታችሁ ነው። እኔን ግን ይቅር በሉኝ፣ ዝርዝር ያለበት ቦታ አልገኝም። አንዴ ተቆጥሬ ቤቴን ወስደውብኛል።» ይህን ብለው ወጡ። እሳቸው አልሄድም ካሉ በኋላ የሌላው ወኔ ሟሟ። ስምምነቱ ይሄ ሆነ፤ ሁሉም ይሄዳል፣ ግን ማንም ስሙን አይናገርም፣ የሚናገረው ሙሉጌታ ብቻ ነው። ሙሉጌታ እኔ ነኝ።

ምክር ቤቱ አዳራሽ የገባሁት በግርማ ኮት ነው። የኮቱ ትከሻ ከኔ ቀድሞ ነው የደረሰው። ከኋላዬ ሕንፃው በሙሉ ተቀምጧል፣ ለድጋፍ ከጎረቤት ከተሞች ከታኮማና ከኬንት የመጡ ወንድሞችም አሉበት። ሰብሳቢው የቢራቢሮ ክራቫት ያሰረ ጨዋ ሰው ነበር፤ ሚስ ዶሪን ከጎኑ ካለው ጠረጴዛ ወረቀት ይዛ ተቀምጣለች። ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መብራት ፊቴ ተተክሏል። እኔ ደግሞ ዝም ብሎ ዘው ይባላል? መጀመሪያ ለተከበሩ ሰብሳቢ ሰላምታ አቀረብኩ። ለተከበሩ አባላት በየተራ አቀረብኩ። ለቤተሰቦቻቸው ጤና ተመኘሁ። ይህ አገር በክፉ ቀን ስለተቀበለን አመሰገንኩ፤ ዝናቡንም ጭምር አመሰገንኩ። «አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ስመጣ...» ስል ቀዩ መብራት በራ።

ሰብሳቢው አዘነልኝ መሰለኝ። «ወረቀቱ አሥራ ዘጠኝ ነው የሚለው። ከዚያ በላይ ናችሁ?» አለኝ። «ብዙ ነን» አልኩ። «እንግዲያው የሕንፃው ነዋሪዎች እባካችሁ ከመቀመጫችሁ ተነሡ።» ዞር አልኩ። ማንም የለም! ማለቴ ሁሉም አለ፣ ግን የተነሣ የለም። ግርማ ጣሪያውን ያጠናል። ሴቶቹ ቦርሳቸው ውስጥ የሆነ ነገር ጠፍቷቸዋል። በዓይኔ እለምናለሁ፣ የሚያየኝ ግን የለም። ሰብሳቢው እኔን እያየ «አንድ ቆሟል። ጌታዬ፣ እርስዎ ከአሥራ ዘጠኙ ውስጥ ተቆጥረዋል?» አለ። «አዎ» አልኩ። «እንግዲያው አሥራ ዘጠኝ» አለና ወረቀቱን ገለጠ። ሚስ ዶሪን ከጠረጴዛው ተነሥታ በጎን በር ስትወጣ አየኋት። እሷም ሰለቸችን ብዬ አሰብኩ።

ሰብሳቢው መዶሻውን አንሥቶ «ሌላ ተናጋሪ ከሌለ...» ሲል ትልቁ በር ተከፈተ። ጋሽ ጥላዬ! ክራቫት፣ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ። አዳራሹ በአንድ እስትንፋስ ብድግ አለና «ኖር!» አለ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የከንቲባ ሥዕል እንኳ የሚነሣ መሰለኝ። ጋሽ ጥላዬ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው በመሀሉ መተላለፊያ ቀስ ብለው መጡ፤ ወደ ቀኝ «በእግዚአብሔር»፣ ወደ ግራ «በእግዚአብሔር»፣ አንድም ረድፍ አልዘለሉም። ሰብሳቢው ራሱ ከወንበሩ ግማሽ ተነሥቶ ቀረ፤ ለምን እንደተነሣ የሚያውቅ አይመስለኝም። ከጋሽ ጥላዬ ኋላ የገባችው ሚስ ዶሪን ድምጿን ከፍ አድርጋ «ክቡር ሰብሳቢ፣ ደንቡ መቁጠር እንጂ ስም መጻፍ አይልም። ይኸው ቆመዋል። ልቁጠር?» አለች። ቆጠረች። ቆጥራ ስትጨርስ ደግማ ቆጠረች፤ ጊዜው ነበራት፣ ምክንያቱም ሁሉም ለጋሽ ጥላዬ መቀመጫውን ካልለቀቅኩ እያለ ይጣላ ነበር፣ እሳቸውም «አይሆንም በሞቴ!» እያሉ ነበርና የሚቀመጥ አልነበረም። ስልሳ ሦስት። ግርማ ያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ፣ እጁን አውጥቶ «ሰባቱ ከታኮማና ከኬንት ናቸው» አለ። ልናንቀው ነበር። ሃምሳ ስድስት ቀረን፤ በቃን! ቀዩ ቤት መስመሩ ውስጥ ገባ።

«እንዴት መጡ ጋሼ?» ስንላቸው «አልፌ እየሄድኩ ዝናቡ ሲበረታ ተጠለልኩ» አሉን። ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። በጸደይ አስቴር መጣች። ልጆቹ ወደየቤቱ ተበታትነው ሰባት ቁጥርን ለኛ ለቀቁልን። ጋሽ ጥላዬ ደረጃው ላይ ጠብቀዋት ሻንጣዋን ተቀብለው እስከ በራችን ወሰዷት፤ በሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «ይኸውልሽ የኔ ልጅ፣ በሩ እዚሁ አለ» አሏት። አስቴር «ደግ ናቸው፣ ግን ትንሽ ይዘባርቃሉ እንዴ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ከሞቱ ቆይቷል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቤቱ ግን ዛሬም ቆሟል።

እኔ ታዲያ ይህን ታሪክ ለአርባ ዓመት ስናገር ትንሽ አሳምሬዋለሁ። በልጆቼ ምርቃት፣ በሰው ሠርግ፣ አውቶቡስ ላይ፣ ያንን ቤት ያዳነው ንግግሬ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ሰብሳቢው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር እስከ ማለትም ደርሻለሁ። ልጄ ገና ስጀምር «ዳድ፣ ፕሊስ፣ ኖት አጌን» ትላለች።

እና ባለፈው ማክሰኞ ክሊኒኩ ውስጥ፣ ሚስ ዶሪን ከጎናችን ከተቀመጡ በኋላ፣ ደረቴን ነፍቼ «ያን ቀን ያደረግሁትን ንግግር ያስታውሳሉ?» አልኳቸው። አስበው አስበው፣ «የቱን ንግግር?» አሉኝ።

አስቴር ሳቋ ክሊኒኩን ሞላው። «ኧረ ይንገሩኝ፣ እማማ! ለአርባ ዓመት ሲያደነቁረኝ የኖረው ንግግር!» እያለች እንግሊዝኛዋን አፈሰሰችው። ሚስ ዶሪን ግን አልሳቁም። «እኔ የማስታውሰው ሽማግሌውን ነው» አሉ። «ስብሰባው ከመጀመሩ ከአንድ ሰዓት በፊት በጎን በሩ በኩል ባለው ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ይግቡ አልኳቸው። ‹ዝርዝር አለ?› አሉኝ። አለ አልኳቸው። ‹እንግዲያው እዚሁ እሆናለሁ› አሉ። ታዲያ ለምን መጡ ስላቸው፣ ‹አፓርትመንት ሰባት ያለው ልጅ ሚስቱ ልትመጣ ነው፤ በሩ እንዳይጠፋባት ብዬ ነው› አሉኝ።»

አስቴር መሳቋን አቆመች።

«ማንም ሳይነሣ ሲቀር ወደሳቸው ወጣሁ» አሉ ሚስ ዶሪን። «ምንም መናገር የለብዎትም፣ ይግቡ ብቻ፣ እነሱ ይነሣሉ አልኳቸው። ‹ስሜን ትጽፊዋለሽ?› አሉኝ። አልጽፍም አልኩ። ክራቫታቸውን አስተካከሉ፣ ሦስት ጊዜ። ለመቁጠር ጊዜ እንዳገኝ ቀስ ብለው ይራመዱ ስላቸው ተቆጡኝ። ‹ዳይሬክተር በሩጫ ገብቶ አያውቅም› አሉ።»

ነርሷ ብቅ ብላ ስማቸውን ጠራችና ሚስ ዶሪን መደገፊያቸውን እየገፉ ወደ ውስጥ ገቡ። እኔና አስቴር ብቻችንን ቀረን። ንግግሬን አንሥታ ስትጨርሰኝ ጠበቅኳት። እሷ ግን «በሩን መታ መታ ሲያደርጉ እኮ ይዘባርቃሉ ብዬ ነበር» አለች። መሀረቧን ከቦርሳዋ ፈልጋ አጣችው፤ የኔን ሰጠኋት። ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት ማየት ጀመርኩ።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ የውስጡ በር ተከፈተና ሚስ ዶሪን ብቅ አሉ። እኔ ልነሣ ስል ጉልበቴ አላስነሣ አለኝ። አስቴር ግን ቀድማኝ ቆማለች። «ኖር!» አለች፣ ከኔ አስበልጣ፣ ሰው ሁሉ ከስልኩ ቀና እስኪል ድረስ። «በእግዚአብሔር» አሉ እሳቸው፣ በእጃቸው ተቀመጪ እያሏት። አስቴር እሳቸው ወንበር ይዘው እስኪቀመጡ ድረስ አልተቀመጠችም።